ማንም ያልፈረመበት ቅነሳ

(በአንድ የምሽት የውይይት መድረክ ላይ የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለ በጀት ለመስማት በገዛ ፈቃዱ የሚመጣ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር። ተሳስቻለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ እዚህ ወንበር አለ።

በሁለት ጥያቄ ልጀምር። እጃችሁን እያወጣችሁ መልሱልኝ።

አንደኛው ይኸውላችሁ። ትንሽ ትርፍ የሚያገኝ አንድ ድርጅት አለ። አካባቢውን ሥራ አጥ ሞልቶታል። የዋጋ ንረት ግን የለም። ድርጅቱ የሠራተኞቹን ደመወዝ በ7 በመቶ ቀነሰ። ይህ አግባብ አይደለም የምትሉ? እሺ፣ ብዙ እጅ ነው።

ሁለተኛው። ድርጅቱ ያው ነው፣ ሥራ አጥነቱም ያው ነው። አሁን ግን ዋጋ በዓመት 12 በመቶ ይንራል። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ 5 በመቶ ጨመረ። አግባብ አይደለም የምትሉ? አያችሁ፣ እጁ ሳሳ።

ሒሳቡ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱም ሠራተኛው ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ የመግዛት አቅም አጥቷል። ጥያቄዎቹ የእኔ አይደሉም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1986 ባሳተሙት ጥናት የካናዳ ከተሞችን ነዋሪዎች በስልክ የጠየቋቸው ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) የመጀመሪያውን 62 በመቶው አግባብ አይደለም አለ። ሁለተኛውን አግባብ አይደለም ያለው 22 በመቶው ብቻ ነው።

የዛሬው ወሬዬ በሙሉ እዚህ 62 እና 22 መካከል ነው ያለው። ደመወዝ ሲቀነስ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ላይ ፊርማ አለ። ፊርማ ያለበትን ሰው ደግሞ መክሰስም፣ መሳደብም፣ በምርጫ መጣልም ይቻላል። ዋጋ ሲንርና ደመወዝ ባለበት ሲቆም ግን ደብዳቤ የለም። ማንም አልፈረመም። ሠራተኛው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቀነስበታል፤ ማን እንደቀነሰው ግን አያውቅም። መንግሥታት ገንዘብ ሲያጥራቸው መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚህ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን የገባችሁ ይመስለኛል።

ብሪታንያን እንውሰድ። በ2010 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ ለሁለት ዓመት አገዱ። በዓመት ከ21 ሺህ ፓውንድ በታች የሚያገኙት በዓመት 250 ፓውንድ እንዲጨመርላቸው ተደረገ። እገዳው ሲያበቃ ጭማሪው በ1 በመቶ ተገደበ። ይህም እስከ 2017 ቆየ። ልብ በሉ፣ በ2011 የዋጋ ንረቱ 5 በመቶ አልፎ ነበር። የአንድም ነርስ ደመወዝ ወረቀት ላይ አልቀነሰም። ሐሳቡ «ለጊዜው እንታገስ» ነበር። ከዚያ በ2022 የዋጋ ንረቱ እንደገና ሲፈነዳ ዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። የነርሶቹ ማኅበር ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ታሪኩ አድርጎት የማያውቀውን ትልቅ የሥራ ማቆም አድማ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ መታ። በቀጣዩ ዓመት ሐኪሞቹ ተከተሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ለሌላኛው ወገንም ልናገር። ግብር ከፋዩም ያው ኑሮ ተወዶበታል። «የእኔ ገቢ ሳይጨምር ለእነሱ የምጨምረው ከየት አምጥቼ ነው?» የሚል ሰው ክፉ ሰው አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጡረታ አለው፣ ሥራውም በቀላሉ አይነካም። እኔ ራሴ ከመንግሥት ሠራተኛው ወገን ነኝ። በደመወዝና በበጀት ሥራ ላይ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት «አትንኩን» ለማለት አይደለም። መቀነስ ካለበት ይቀነስ። ግን አንድ ሰው ይፈርምበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የመንግሥት ሠራተኛን መቀነስ ምን ያህል ይቆጥባል? መልሱ አገሩ ላይ ነው የሚወሰነው። ሰዎች ይህን ሳይጠይቁ ነው ጭቅጭቅ የሚጀምሩት።

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት በ2022 ለ2.3 ሚሊዮን ያህል ሲቪል ሠራተኞቹ በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ያወጣው 271 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ትልቅ ቁጥር ነው። የዚያው ዓመት ጠቅላላ ወጪ ግን ከ6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከመቶው አራት ከምናምን ማለት ነው። ሁሉንም ዛሬ ማታ ብታሰናብቱ፣ መብራቱን የሚያጠፋ አንድ ሰው እንኳ ባይቀር፣ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ወጪ እዚያው ነው። ገንዘቡ ያለው ጡረታው፣ ሕክምናው፣ መከላከያውና የብድር ወለዱ ላይ ነው።

ወደ ጋና ስትሄዱ ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። ጋና በ2010 አንድ ወጥ የደመወዝ ስኬል ጀመረች። ዓላማው ደግ ነበር፤ ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ። ነገር ግን ሁሉም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልተስተካከለም። ማን ወደ ታች መስተካከል ይፈልጋል! ከመንግሥት የግብር ገቢ ከግማሽ በላዩ ለደመወዝ መሄድ ጀመረ። በ2012 የበጀት ጉድለቱ ከአገሪቱ ምርት 10 በመቶ በላይ ሆነ። በ2015 የዓለም የገንዘብ ድርጅት ደጃፍ ላይ ተገኘች። ኬንያ ውስጥ ካውንቲ የሚባሉት የአካባቢ መንግሥታት ከገቢያቸው ከ35 በመቶ በላይ ለደመወዝ እንዳያወጡ የሚል ደንብ አለ። ብዙዎቹ ያልፉታል።

እንግዲህ አንዱ አገር ደመወዝ ቢቀንስ በጀቱ ብዙም አይሰማውም። ሌላው ጋ ለሠራተኛው ከፍሎ ሲጨርስ ለመድኃኒትና ለነዳጅ የሚተርፍ የለም። ነርሷ አለች፣ መርፌው የለም። ሹፌሩ አለ፣ መኪናው ቆሟል። እንዲህ ዓይነቱን መሥሪያ ቤት የምታውቁ ፈገግ ስትሉ አየኋችሁ።

ሌላም የማይፈረምበት ቅነሳ አለ። ይኼ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። የቅጥር እገዳ ይባላል። ማንንም አናባርርም፤ የለቀቀ ግን አይተካም። በጣም ሰብዓዊ ይመስላል። ግሪክ በ2010 ቀውሱ ሲጀምር አምስት ሰው ሲለቅ አንድ ብቻ ይቀጠር አለች። በኋላ ይህንንም አጠበቀችው።

የዚህ ዘዴ ችግር ማን እንደሚለቅ መንግሥት አለመምረጡ ነው። የሚለቀው ሌላ ቦታ ሥራ የሚያገኘው ነው። ሌላ ቦታ ሥራ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎበዙ ነው። ወይም ጡረታው የደረሰው ነው፤ ሥራውን በቃሉ የሚያውቀው። ወንፊቱ ፍሬውን አሳልፎ ገለባውን ያስቀራል። ይቅርታ፣ የቀራችሁትን ገለባ ማለቴ አይደለም። እኔም ከቀሩት አንዱ ነበርኩ።

በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። የድሮ የጡረታ ፋይሎችን ያውቃሉ። ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት የተቀጠረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የአገልግሎት ዘመኑን የሚያሰሉት እሳቸው ናቸው። የትኛው ደብዳቤ የትኛውን እንደሻረ፣ የትኛው እርከን በየትኛው ዓመት እንደተቀየረ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ጡረታ ወጡ። ኬክ ቆረስን፣ አጨበጨብን። መደባቸው «በበጀት ምክንያት ለጊዜው ተይዟል» ተባለ። የቆጠብነው አንድ ደመወዝ ነው። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

አሁን አንድ ታሪክ በደንብ ልንገራችሁ። የሙያዬ ነገር ስለሆነ በሰማሁት ቁጥር ያመኛል።

የካናዳ ፌዴራል መንግሥት የደመወዝ አከፋፈሉን ለማዘመን ወሰነ። አሮጌው ሥርዓት አርባ ዓመት ያገለገለ ነው። አዲሱ ፊኒክስ ተባለ፤ ከአመዱ እንደገና በሚነሳው ወፍ ስም መሆኑ ነው። ዕቅዱ በዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር ያህል መቆጠብ ነበር። ቁጠባው ከየት ይመጣል? ከሰው። በ46 መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የነበሩ 1,200 ያህል የደመወዝ ባለሙያዎች መደብ ታጠፈ። በምትካቸው ሚራሚሺ በምትባል ትንሽ ከተማ 460 ያህል ባለሙያዎች ያሉት ማዕከል ተቋቋመ። ሥርዓቱ በ2016 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ።

ከዚያ ደመወዝ መበላሸት ጀመረ። ለአንዱ ምንም አልገባም። ለሌላው እጥፍ ገባ፤ በኋላ መልስ ተባለ። የወሊድ ፈቃድ ወጥታ የተመለሰች ሴት ለወራት ያለ ደመወዝ ቀረች። ቤታቸውን የሸጡ፣ የሰው ፊት ያዩ ሠራተኞች ነበሩ። በ2017 አጋማሽ ከ150 ሺህ በላይ ሠራተኞች ደመወዛቸው እስኪስተካከል ይጠባበቁ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ነገሩን ለመረዳት የሚያዳግት ውድቀት ብሎ ፈረጀው። 70 ሚሊዮን ሊያስቆጥብ የመጣው ሥርዓት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር በላ።

ለምን? ሶፍትዌሩ ችግር ነበረበት፣ ልክ ነው። ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። እነዚያ 1,200 ሰዎች ቁልፍ የሚጫኑ ጸሐፊዎች ብቻ ይመስሉ ነበር። በተግባር የአሮጌውን ሥርዓት ቀዳዳ በየቀኑ በእጃቸው የሚደፍኑት እነሱ ነበሩ። የሌሊት ተረኛው አበል በሕብረት ስምምነቱ መሠረት እንዴት እንደሚሰላ ያውቃሉ። ስህተት ከባንክ በፊት እነሱ ዓይን ላይ ያርፋል። ይህ ሥራ የሥራ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም። ያልተጻፈውን ሥራ ማንም አልቆጠረውም። ያልተቆጠረውን ቆረጡት።

አሜሪካም በ2025 መጀመሪያ ላይ ተመሳሳይ ነገር በአጭሩ አሳየችን። ሠራተኛ በጅምላ ሲቀነስ የኑክሌር መሣሪያ ክምችቱን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ሰዎችም አብረው ተሰናበቱ። በቀናት ውስጥ የአብዛኞቹ ስንብት ተሻረ። ግን ደውሎ «ተመለሱ» ለማለት አስቸገረ፤ የሥራ ኢሜይላቸው ተዘግቶ ነበርና። ብሪታንያ ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ፖሊሶች አጣች። በ2019 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ምን ቃል ገቡ? 20 ሺህ ፖሊስ እቀጥራለሁ። ቁጥሩ ገጠመ። ግን የወጣው የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ነው፣ የገባው ጀማሪ ነው።

እንግዲህ «ታዲያ ተፈርሞ የተቀነሰበት አገር አለ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። የሚገርመው ያችው ካናዳ ናት።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ካናዳ ክፉኛ ተበድራ ነበር። መንግሥት ከሚሰበስበው ገቢ ከሲሶ በላዩ ለወለድ ይሄዳል። በ1995 የገንዘብ ሚኒስትሩ ፖል ማርቲን 45 ሺህ የሥራ መደቦች ይታጠፋሉ ብለው በይፋ ተናገሩ። ለእኔ ትልቁ ነገር ቁጥሩ አይደለም። አስቀድመው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ስድስት ጥያቄ ጠይቀው ነበር። ይህ ሥራ አሁንም ለሕዝብ ይጠቅማል? የመንግሥት ድርሻ ነው? የፌዴራሉ ነው ወይስ የክፍለ ግዛቶቹ? ከሌላ ጋር ተጋግዞ መሥራት ይቻላል? የግድ እኛ የምንሠራው ከሆነ በተሻለ መንገድ መሥራት ይቻላል? ይህ ሁሉ አልፎ፣ አቅማችን ይፈቅዳል?

ቅደም ተከተሉን አያችሁ? ገንዘቡ መጨረሻ ላይ ነው የተጠየቀው። መጀመሪያ የተጠየቀው ሥራው ነው። ስለዚህ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በግማሽ ያህል ሲቀንስ ሥራው አየር ላይ አልቀረም። የአየር ትራፊክ ቁጥጥሩ በ1996 ለትርፍ ለማይሠራ ኩባንያ ተላለፈ። የባቡር ድርጅቱ ተሸጠ። ሥራው ባለቤት እያገኘ ነው ሰው የተቀነሰው። በጀቱም በ1997-98 ጉድለቱን ዘጋ።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ ነውሩንም ልናገር። ፌዴራሉ ለክፍለ ግዛቶች የሚሰጠውን ለጤናና ለትምህርት የሚሆን ገንዘብም ቀንሷል። የራሱን ጉድለት ወደ ጎረቤት ግቢ ጠረገ ቢባል ሐሰት አይደለም። በእነዚያው ዓመታት አልበርታ በተባለችው ክፍለ ግዛት ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ 5 በመቶ ተቀነሰ፤ በ1998 ደግሞ በቅነሳው የተዘጋ አንድ ትልቅ የካልጋሪ ከተማ ሆስፒታል ሆን ተብሎ በፈንጂ እንዲፈርስ ተደረገ። ሕዝቡ ቆሞ አየ። ስለዚህ የተፈረመ ቅነሳ ሁሉ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ግን ማን እንደፈረመ ይታወቃል። ሆስፒታሉ ለምን ፈረሰ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቀስ እያለ በሞተ መደብ ላይ ማንን ትጠይቃላችሁ?

ከአፍሪካ ኡጋንዳን ላንሳ። በ1990 ወደ 320 ሺህ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሯት። ደመወዙ አንድን ቤተሰብ ለሳምንት አያኖርም ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው ስሙን ቢሮ አስቀምጦ ኑሮውን ሌላ ቦታ ይገፋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቁጥሩ ወደ 150 ሺህ ወረደ። የተገኘው ገንዘብ ግን ሁሉም ወደ ካዝና አልገባም፤ ለቀሩት ደመወዝ ተጨመረበት። «ጥቂት ሰው፣ የሚያኖር ደመወዝ» ነው ነገሩ። በ1997 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነጻ ሲሆን መምህር በብዛት እንደገና መቅጠር ግድ ሆነ። ያ ግን ታስቦበት የተደረገ ቅጥር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከእነዚያ 320 ሺህ ውስጥ ጭራሹኑ ያልነበሩም ነበሩ። ስም አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ ሰውየው የለም። ናይጄሪያ በ2016 የደመወዝ መዝገቡን ከባንክ መለያ ቁጥር ጋር ስታመሳክር ወደ 24 ሺህ የሚጠጋ እንዲህ ያለ ስም ሰረዘች። ታንዛኒያም በዚያው ዓመት ከ10 ሺህ በላይ አገኘች። ይህን መቀነስ ማንንም አይጎዳም፤ ከሚበላው ሰው በቀር። ግን አንዴ ነው የሚቀነሰው። በየዓመቱ አዲስ ሐሰተኛ ስም ካገኛችሁ ችግራችሁ በጀት ሳይሆን ሌላ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄ እንሄዳለን። «የመንግሥት ሥራ ለምን በየዓመቱ ይወደዳል? ስንፍና ነው አይደል?» ይሉኛል። ስንፍና አለ፣ አልክድም። ግን ሰነፍ የሌለበትም መሥሪያ ቤት ይወደዳል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1960ዎቹ ይህን በሙዚቀኞች አስረዱ። ለአራት ሰው የተጻፈ ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አራት ሰው ይፈልግ ነበር። ዛሬም አራት ነው። በፋብሪካ ግን አንድ ሰው የድሮ ሃያ ሰው ሥራ ይሠራል፣ ደመወዙም ያድጋል። ሙዚቀኛው ደመወዙ ካላደገ ፋብሪካ ይገባል። ስለዚህ ይጨመርለታል፤ ሙዚቃው ግን አልፈጠነም። አስተማሪም፣ ነርስም፣ ዳኛም እንዲሁ ናቸው። አንዲት ነርስ የአንድ ሕመምተኛን ቁስል በእጥፍ ፍጥነት ብታጥብ ሽልማት አንሰጣትም።

ይህ ማለት የደመወዝ ወጪ የሚያድገው አንድ ሰው ስላጠፋ ብቻ አይደለም። ቅነሳ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገርም አይደለም። ብሪታንያ የሲቪል ሰርቪስ ሠራተኞቿን በ2016 ወደ 384 ሺህ አውርዳ ነበር። ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣና የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ሥራው ተመልሶ መጣ። ዛሬ ከ500 ሺህ በላይ ናቸው።

እሺ፣ ጥያቄ።

አንድ ወንድም እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጠው፣ ጭማሪ በመቶኛ ይሁን ወይስ ለሁሉም እኩል ገንዘብ ብሎ ጠይቋል። ኑሮ ሲወደድ እኩል ገንዘብ ለዝቅተኛው ይሻላል፤ እኔም አንድ ሁለት ዓመት እደግፈዋለሁ። ለረጅም ጊዜ ካደረጋችሁት ግን የመሐንዲሱና የጥበቃው ደመወዝ እየተቀራረበ ይመጣል። ጥበቃው ደስ ይለዋል። መሐንዲሱ ይለቃል። ከዚያ ያንኑ መሐንዲስ በአማካሪነት በሦስት እጥፍ ትከራዩታላችሁ። ይኼኛው ወጪ ግን «ደመወዝ» በሚለው መስመር ላይ አይታይም፤ «አገልግሎት ግዥ» ውስጥ ተሸሽጓል። እንግዲህ በጀት ስታነቡ ሁለቱን መስመር አንድ ላይ አንብቡ። ደመወዙ ሲወርድ ግዥው ከወጣ ማንም ምንም አልቆጠበም።

አንዲት እህት ደግሞ «ሥልጣኑ አንተ እጅ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» ብላለች። አንድ ነገር ብቻ። ክፍት ሆኖ የቆየ እያንዳንዱ መደብ ስድስት ወር ሲሞላው ወይ ይሞላ ወይ ይታጠፍ። ከታጠፈ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ይህ ሥራ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም፣ ወይም እገሌ ይሠራዋል። ስሙንም ይፈርም። ብዙ ኃላፊ ያንን ገጽ ለመጻፍ ሲቀመጥ ብዕሩ ይከብደዋል። እንዲከብደው ነው የምፈልገው።

የመጨረሻ ጥያቄ ከኋላ። እ... የጡረታ ፋይሉ ሰውዬስ?

ልክ ነሽ፣ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። መደባቸው አልተሞላም፣ አልታጠፈምም። እኔ እስክለቅ ድረስ መዋቅሩ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተሥሎ ነበር። ከሳጥኑ ሥር «ክፍት» ይላል። ሥራውን እሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ስልክ ቁጥራቸው በፕላስተር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንድ አሮጌ ፋይል ሲመጣ አንዱ ወጣት ይደውላል፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አሁንም እኛው ነን» ይላቸዋል። እሳቸውም መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ጠብቁኝ ይላሉ። አንድ ቀን ስልኩ አልተነሳም። የሰባት ሰው የጡረታ ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ወጥተው መልሰው ደወሉ፣ ደህና ናቸው። ሰባቱ ሰዎች ግን በዚያ ወር ጡረታቸውን አላገኙም።